ጉርሻ በጓንግዡ

ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ የሄድኩት ለዕቃ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከሆቴል መጋዘን፣ ከመጋዘን ሆቴል ስመላለስ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እዚያ የኖረ ጓደኛዬ «ዲም ሰም ሳትበላማ ጓንግዡ ሄጄ ነበር ብለህ እንዳታወራ» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ዲም ሰም ከሻይ ጋር በትንንሹ የሚቀርብ የቻይኖች ምግብ ነው።

የምግብ ቤቱ አዳራሽ የሠርግ ድንኳን ነው የሚመስለው። ክብ ጠረጴዛውን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ከቦታል። ቀስ ብሎ የሚያወራ የለም። ደግሞ «ልንበላ ነው» አይሉም፤ «ሻይ ልንጠጣ» ነው የሚሉት። እኛ «ቡና ጠጡ» ብለን ጠርተን እንጀራ እንደምናቀርበው መሆኑ ነው።

ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ሻይ ስኒውና ቾፕስቲኩ ላይ አፍስሶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አጠራቀመው። ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል እኔ ሳህኑን አንስቼ ፉት አልኩ። እንግዳ የቀረበለትን አይንቅም።

«ዕቃ የታጠበበትን ጠጣኸው እኮ!»

ከጎናችን ያሉት ሽማግሌ ሻይ ሲቀዳላቸው በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋሉ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር። እኛ አገር ጠረጴዛ የሚደበደበው አስተናጋጅ ሲጠፋ ነዋ። ለካስ «አመሰግናለሁ» ማለታቸው ነው። ሻይ ሲያልቅም ማጨብጨብ የለም። የማንቆርቆሪያውን ክዳን ገለጥ አድርጎ መተው ነው፤ አይተው ይሞላሉ።

ምግቡ በቀርከሃ ማብሰያ ተደራርቦ በጋሪ ይዞራል። ጋሪውን የሚገፉት የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴትዮ «ሌንግ ጃይ!» አሉኝ። ቆንጆው ማለት ነው ሲባል ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው ለጎረቤቴ ለሽማግሌውም ያንኑ አሉ።

አሳማም ሽሪምፕም አልበላም። ይህን ስቀንስ ከጋሪው ላይ የሚተርፈኝ እንፋሎቱ ብቻ መሰለኝ። ጓደኛዬ አሁንም ስልክ ላይ ነው። ሴትዮዋ ግን ገባቸው። አንዱን ክዳን ከፈቱና አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፍተው «ኽርር» አሉ። አሳማ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ከፈቱ፤ «እምቧ!» አሉ። እሰይ! ሦስተኛው ላይ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ አርገበገቡ። ዶሮ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የዶሮ እግር ነው፤ ከነጣቱ!

እናቴ ዶሮ ስትገነጥል አሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች፤ እግሯ ግን ቁጥር ውስጥ አይገባም። እዚህ ተጠብሶ፣ ተዘፍዝፎ፣ እንደገና በእንፋሎት በስሎ በተረት ወፍ ስም «የፊኒክስ ጥፍር» የሚል ማዕረግ አግኝቷል። ፊቴን አይተው ሳቁ። የራሳቸውን ጣት አፋቸው ውስጥ ከተው መጠጥ አድርገው፣ ከዚያ አጥንት የተፉ መስለው እንዴት እንደሚበላ አሳዩኝ። መጠጥኩ። ይጣፍጣል። እናቴ እንዳትሰማ።

አዲስ አበባ ላይ እኔና አስተናጋጁ በአንድ ቋንቋ እየተግባባን፣ ስኳር የሌለው ማኪያቶ አዝዤ ስኳር ያለበት ሻይ መጥቶልኛል። ምን ታመጣለህ በሚል ዓይን! (ደመወዙን ሳስበው ግን፣ እኔም ብሆን ፊቴን አልፈታም።) ሜኑ ይሰጥሃል፤ አምስት ነገር ስትጠይቅ አምስቱም አልቋል። «ታዲያ ምን አለ?» ስትል «ፓስታ»። እኚህ ሴትዮ ያለ አንድ ቃል በሬ ሆኑ፣ ዶሮ ሆኑ፣ አሳማ ሆኑ።

ስንወጣ ስኒው ሥር 20 ዩዋን አስቀመጥኩ። ደረጃው ላይ «ሌንግ ጃይ! ሌንግ ጃይ!» ሲባል ዞርኩ፤ አሁን ስሜን ለምጃለሁ። ሴትዮዋ ገንዘቤን ይዘው ይሮጣሉ። ረስቼው የሄድኩ መስሏቸዋል፤ እዚያ አገር ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት አልተለመደም።

ጉርሻ መሆኑን ላስረዳቸው ፈለግኩ። አምስት ጣቴን ሰብስቤ ወደ አፌ አስጠጋሁ።

ትኩር ብለው አዩኝና አዘኑልኝ። ተመልሰው ገቡ። በእንፋሎት የበሰለ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዘው መጡ፤ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፍተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሳማ የለበትም።