ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር

ጥቅምት ሲጋመስ የእኔ ስልክ እረፍት የለውም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሒሳቡን አስገብቶ ግብሩን የሚያሳውቅበት ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል። ከሐምሌ ጀምሮ ዝም ብሎ የከረመ ሁሉ ያን ሰሞን ይባንናል። ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ የሒሳብ ሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ በአንድ ጠዋት ብቻ፣ አንዱን ጥያቄ ለአራት ሰው መለስኩ። አራተኛው ጋ ስደርስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባጁ ላውራ። በቅርቡ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ስብሰባ ላይ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አንገቴ ላይ ባንጠለጠሉልኝ ባጅ፣ ከስሜ ሥር፣ በእንግሊዝኛ «ሶት ሊደር» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ኦዲተር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ምን ማለት ነው፣ ልጄ?»

«የሐሳብ መሪ እንደማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ማንን ነው የምትመሪው?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ማማሰል ጀመርኩ።

ስብሰባውን ታውቁታላችሁ። አራት ሰው ሶፋ ላይ ይደረደራል፣ ፊት ለፊቱ የታሸገ ውሃ ይቀመጣል። ሁሉም በየተራው «ዘርፉ ብዙ ይቀረዋል» ይላል። እኔም ብያለሁ። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ምሳ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ከዚያ አዳራሽ የወጣ አንድም ሰው በማግስቱ ቢሮው ሲገባ የሚሠራበት ነገር አልነገርኩትም።

በሙያ ሰው የሚከተለው ሰው እኔ እንደሚመስለኝ ሌላ ነው። ባልደረቦቹ ሥራ አልፈታ ሲላቸው «እሱ እንዴት ነበር የሠራው?» ብለው የሚፈልጉት ሰው ነው። ለመፈለግ ደግሞ ሥራው የሆነ ቦታ ተቀምጦ መገኘት አለበት።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሞተውን ቀንድ አውጣም ከእሳቸው በፊት ያየው ሰው አይጠፋም። አክሊሉ ግን ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ ያገኙትን ጻፉ። ጽፈውም በውጭዎቹ ተቋማት ዘንድ ሰሚ ለማግኘት ዓመታት ታግለዋል። ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፣ ከ25 ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት መላኩ ወረደም የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ለመታደግ በሠሩት ሥራ ተሸልመዋል። ሁለቱም የጀመሩት እማማ ጓሮ ካለ፣ ገበሬ እጅ ካለ ነገር ነው።

እኛ ጋ ግን ትልቅ እንቅፋት አለ። «ሙያ በልብ ነው።»

ሥራ የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ አንዲት ጠባብ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቃዬ የድሮ ኮሜርስ ምሩቅ ነበሩ። ኮሜርስ እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው፣ በሰንጋ ተራ የሚታወቀው የንግድ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ዙሪያውን የባንክ ፎቅ በቅሎበታል። ጋሼ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ነበራቸው። ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር የተከራከሩበትን፣ የረቱበትን፣ የተረቱበትንም ጭምር፣ ቀን እየጠቀሱ በእርሳስ ጽፈውበታል። አስቸጋሪ ጉዳይ ሲመጣ መሳቢያ ይከፍታሉ፣ ያገላብጣሉ፣ «እንዲህ አድርጊው» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አይነግሩኝም። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ፎቶ ኮፒ ላንሳው አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ለእሳቸውም ማንም ደብተር አልሰጣቸውም። በኋላ ካዛንቺስ ሲፈርስ የቢሮው ዕቃ በጥድፊያ ተጫነ። ደብተሩም ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር አብሮ ሄደ። ስደውልላቸው «የት እንደገባ እንጃ» አሉኝ። የስንት ዓመት ክርክር!

አባባሉን አልጠላውም። ጉራ ለሚነዛ ሰው ጥሩ ልጓም ነው። ሥራህ ይቅደም፣ አፍህ ይከተል ነው ነገሩ። እኛ ግን «ያወቅከውን ደብቅ» አድርገን ተረጎምነው። የጻፈውን ሁሉ «ልታይ ልታይ ባይ» ማለትም ለመድን።

አሁን ወደ አራቱ ስልክ። ጥያቄው ስለ ዲፈርድ ታክስ፣ ለወደፊት ስለሚተላለፍ ግብር ነበር። ድርጅቶች በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ ሒሳባቸውን እንዲያቀርቡ ከተገደዱ ወዲህ፣ በየቢሮው ብዙ ወጣት የሚያንገላታ ነገር ነው። ማታ ቁጭ ብዬ በመኪና ምሳሌ በጽሑፍ አስረዳሁት። ድርጅቱ በ2 ሚሊዮን ብር መኪና ገዛ እንበል። 10 ዓመት ይሠራልኛል ብሎ ስለገመተ (ቀሪ ዋጋውን ለጊዜው ተዉት) በራሱ መዝገብ በዓመት 200 ሺህ ብር የእርጅና ወጪ ይይዛል። የግብር ደንቡ ደግሞ በጊዜው 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ሺህ ብር ይፈቅድለታል። ልዩነቱ 100 ሺህ ብር ነው። ዘንድሮ ያቺ 100 ሺህ ግብር አልተከፈለባትም። ምሕረት አላገኘችም ግን፣ ቀን ተሰጣት እንጂ። ስለዚህ በ30 በመቶ ግብር ሲሰላ 30 ሺህ ብር መዝገቡ ላይ ዕዳ ሆኖ መታየት አለበት።

ሁለት ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ ናት። በአማርኛ ጻፍኳት። ደረጃዎቹን የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፣ የምንጨቃጨቀው ግን በአማርኛ ነው። አራት መቶ የሚሆኑ ባልደረቦች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኳት።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከደሴ አንድ የማላውቀው ሰው «እህቴ፣ 30 ሺዋ የተቀመጠችው ሀብት ላይ ነው፣ ዕዳ ላይ መሆን አልነበረባትም?» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው። ማብራሪያው ላይ ዕዳ ብዬ፣ ሠንጠረዡ ላይ ሀብት ውስጥ ከትቻታለሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየ። ፊቴ ጋለ። ልሰርዘው እጄን ሰድጄ ተውኩት። በምትኩ ስህተቱን በቀይ አስምሬ፣ ትክክለኛውን ሥሩ ጽፌ፣ ያረመኝን አመስግኜ መልሼ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ሌሎች ጥያቄዎች ግሩፑን ሞሉት። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ «የስኬታማ አካውንታንት ልማዶች» ምናምን የሚል ነገር ስለጥፍ ኖሬያለሁ። ላይክ አግኝቻለሁ። ጥያቄ ይዞ የመጣ ግን አንድ ሰው አላስታውስም።

«የደንበኛ ምስጢርስ?» ለሚሉኝ፦ የደንበኛ መዝገብ አይወጣም፣ አለቀ። ቁጥሩንም የንግዱን ዓይነትም ቀይራችሁ ጻፉ። «ገበያ እነጠቃለሁ» ለሚሉት ደግሞ፣ እኔን የገጠመኝ ተቃራኒው ነው። ያቺን ጽሑፍ አንብቦ የደወለ ደንበኛ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ሁሉም ሰው ይጻፍ ግን አልልም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የፊስቱላ ታካሚ ሆነው ወደ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው መጡ። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሴት ናቸው። እያገዙ፣ እያዩ ቀዶ ሕክምናውን ለመዱና ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን እስከማሰልጠን ደረሱ። እሳቸው በጽሑፍ ፈንታ እጃቸውን አሳዩ። ሰው አጠገባቸው ቆሞ እንዲያይ ፈቀዱ። የካዛንቺሱ አለቃዬ መሳቢያውን ሲከፍቱ እኔን ወንበር ሳቢ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እሱም ይበቃኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ለገሀር አካባቢ ወዳለ አንድ ድርጅት ሄጄ ነበር። ከአንዲት ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የእኔ መኪና ናት፣ ከነ 2 ሚሊዮን ብሯ። ኮፒ ሲደረግ የላይኛው ጠርዝ ተቆርጦ ስሜ የለም።

«ማን ነው የጻፈው?» አልኳት።

«እንጃ፣ እኔ ስቀጠርም ነበረ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ጠጋ ብዬ ሳነብ ጊዜ ልጅቷ ቸኩላ ጣቷን ዘረጋች።

«ቀይ የተሰመረበትን እንዳይወስዱት እሺ፣ እሱ ስህተቱ ነው።»