ያልገባው ሁሉ ሰነፍ ነው?

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተደረገ የመጽሐፍ ውይይት አንድ አንባቢ ድኅረ ዘመናዊ ልቦለድ (የተለመደውን የአተራረክ ሥርዓት አውቆ የሚያፈርስ) ይዞ መቶኛው ገጽ ላይ መንገዱ እንደጠፋበት ተናገረ። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ «ሰነፍ አንባቢ ቀላል ይፈልጋል፤ ደግመህ አንብበው» የሚል ነበር። ተጨበጨበለትም።

ደግመህ አንብበው! መንገድ የጠፋበት ሰው በዚያው ቢመለስ ሁለቴ ይጠፋል እንጂ ሌላ ምን ያገኛል?

መክበዱ ነውር ነው ያለ የለም። ቅኔም ይከብዳል፤ ግን ወርቁ ቢሰወር እንኳ ሰሙ ለብቻው ትርጉም ስላለው ሰሚው ባዶ እጁን አይመለስም።

አውቆ የሚያከብድ ደራሲ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የአርጀንቲናዊውን ሁሊዮ ኮርታዛርን የ1963 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ መግለጥ ነው። ርእሱ በእኛ ልጆች አፍ «ሰኞ ማክሰኞ» ነው፤ ያው መሬት ተሰምሮ በአንድ እግር የሚዘለለው። ምዕራፎቹ 155 ናቸው። ደራሲው ገና በሩ ላይ መመሪያ ሰቅሏል፦ ወይ ከ1 እስከ 56 በተራ አንብብና የቀረውን ያለ ጸጸት ተወው፤ ወይ ከ73 ተነስተህ 1፣ 2፣ 116፣ 3፣ 84 እያልክ ዝለል። ዘላዩ እንዳይጠፋም በየምዕራፉ መጨረሻ ቀጣዩ ቁጥር ተቀምጦለታል። በዚህኛው መንገድ 55ኛው ምዕራፍ ጭራሽ አይነበብም። መጨረሻው ላይ ደግሞ 131 ወደ 58 ይልካል፣ 58 መልሶ ወደ 131። ያልነቃ አንባቢ የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስለዋል፤ ጨዋታው ግን ያ ነው፣ ሲበቃህ ትወርዳለህ። ይህ ሁሉ የተደረገው በሩ ላይ በተሰቀለ አንድ የምዕራፎች ሰንጠረዥ ነው፤ መጽሐፉም ከክብሩ አንዲት አልጎደለችበትም።

በ1974 (እ.ኤ.አ.) ፑሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ሽልማት የልቦለድ ዳኞች የአሜሪካዊውን ደራሲ የቶማስ ፒንቾንን ከባድ ልቦለድ በአንድ ድምፅ አቀረቡ፤ የሽልማቱ ቦርድ አባላት ግን «አይነበብም» ብለው ጣሉት፣ የዓመቱም ሽልማት ሳይሰጥ ቀረ። እንግዲህ የቦርዱንም አባላት ሰነፍ በሏቸው!

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር የሐረጎን ጥምዝምዝ አይረግምም፤ ማርሽ ቀንሶ ይወርደዋል። የመታጠፊያውን ምልክት ነቅሎ «አልቻልክበትም» ብሎ የሚስቅበትን ግን ይረግማል።

ለሚቀጥለው ውይይት አንድ ገጽ ይበቃል፦ የገጸ ባሕርያቱ ስም ከነቅጽል ስማቸው፣ በየምዕራፉ የሚተርከው ማን እንደሆነ፣ ዘመኑ የት ላይ ወደ ኋላ እንደሚመለስ። ፎቶ ኮፒ አድርጎ በር ላይ ማደል ነው። መጽሐፉ የገባው ተናጋሪ ይህን በአንድ ምሽት ይሞላዋል። መሙላት ካቃተው እሱም መቶኛው ገጽ ላይ ነው የቀረው።