«ካናዳ ተፈቅዷል» እያላችሁ ልጅ አታሳስሩ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖች፣ ይህ ተግሣጽ ነው፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው። «ሐሺሽ እኮ ዓለም ፈቅዶታል፣ የቀረነው እኛ ብቻ ነን» የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ ቦርከና ማዶ፣ ከጫት መቃሚያው እስከ ካምፓሱ በር እንደ ቀልድ ይወራል። የሚያወራው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው፤ የሚሰማው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ምሽት ላይ ወሬኛው ቤቱ ይገባል። ልጁ ግን የሰማውን ይዞ ይሞክራል፤ ሲያዝም «ተፈቅዷል ሲባል ሰምቼ ነው» ይላል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይደነግጋል። ዳኛው ከየት እንደሰማው አይጠይቀውም፤ እናንተንም ለምስክርነት የሚጠራ የለም።

እስኪ «ተፈቀደ» የምትሉትን በቅጡ እንየው። ካናዳ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቅዳለች፤ እውነት ነው። የፈቀደችው ግን ለአዋቂ ነው፣ ከቤት ውጭ መያዝ የሚቻለው እስከ 30 ግራም ነው፣ የሚገዛውም መንግሥት ካወቀው ሱቅ ነው። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ የሰጠ ወይም የሸጠ ሰው እስከ 14 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በድንበር ይዞ መግባትም ሆነ መውጣት እዚያው ካናዳ ውስጥ ወንጀል ነው። ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ አዋቂ ሰው ውጭ 25 ግራም፣ ቤቱ ደግሞ 50 ግራም እንዲይዝና ሦስት ችግኝ እንዲያበቅል ፈቅዳለች፤ እንደ ሲጋራ በየሱቁ አይሸጥም፤ ትምህርት ቤት በሚታይበት ቦታም አይጨስም። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2018 የፈቀደው አዋቂ ሰው በግል ቦታው እንዲጠቀም ብቻ ነው፤ ሽያጩ አሁንም ያስከስሳል። ዑራጓይ ከሁሉም ቀድማ በ2013 ሕግ አወጣች፤ ተጠቃሚ አድርጋ የምትመዘግበው ግን ዜጋዋንና ቋሚ ነዋሪዋን ነው። ታይላንድ ደግሞ በጁን 2022 ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር ካወጣችው በኋላ በ2025 ተመልሳ የሐኪም ማዘዣ ጠየቀች። በየአገሩ ልክ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ቦታ አለ። ከቲክቶክ ወደ በርጫ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ይራገፍና «ተፈቅዷል» የምትለው አንዲት ቃል ብቻ ትቀራለች።

«የተባበሩት መንግሥታትም አውጥቶታል» የሚል አለ። ያወጣው ከአንዱ ሠንጠረዥ ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 2020 የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽኑ በ27 ለ25 ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ካናቢስን (ሐሺሹ የሚገኝበትን ተክል) በ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት እጅግ አደገኛ የሚባሉት ከተዘረዘሩበት ከአራተኛው ሠንጠረዥ ሰርዞታል። በአንደኛው ሠንጠረዥ ግን እንዳለ ነው፤ ማለትም ከሕክምናና ከሳይንስ ውጭ ማምረትና መሸጥ አሁንም በስምምነቱ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የስምምነቱ አባል ናት።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ እንምጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ፈቃድ ሳይኖረው አደንዛዥ ዕፅ የተከለ፣ ያመረተ፣ የገዛ፣ ይዞ የተገኘ፣ ያከማቸ፣ ያጓጓዘ፣ የሸጠ፣ ለሌላ ያቀበለ ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። «ከማያንስ» የሚለውን ልብ በሉ። ወለሉ አምስት ነው፤ ጣሪያው ካልተጻፈ ደግሞ በሕጉ ጠቅላላ ደንብ ጽኑ እሥራት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። በቡድን ተደራጅቶ ወይም ሕፃን ልጅ እየላከ የሠራው ሰው ቅጣቱ ይከብዳል። የጀርመኑ 25 ግራም እኛ ዘንድ የለም፤ አንዲት ጥቅልል ኪስ ውስጥ መገኘቷ መያዝ ነው። «እኔ አላጨስኩም፣ ጓደኛዬ አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነው» የሚለው ቃል መከላከያ የሚመስለው ብዙ ነው። ማስቀመጥ ራሱ በአንቀጹ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች አንዱ ስለሆነ፣ ያ ቃል ጥፋቱን ማመን ነው።

የመቃሚያ ቤት ባለቤቶችና ክፍል አከራዮች፣ ለእናንተም ቃል አለን። ሕጉ የሚያየው አጫሹን ብቻ አይደለም፤ ዕፁ እንዲዘጋጅበት ወይም እንዲጠጣበት እያወቀ ቤቱን የሰጠ ሰው፣ ሳንቲም ባይቀበልበትም፣ ተጠያቂ ነው። ሽታው በረንዳው ላይ እየወጣ «ደንበኛ ምን ይላል ብዬ ዝም አልኩ» አያዋጣም። ጫት በአገራችን አይከለከልም፤ ሐሺሽን ከጫት ጋር በአንድ ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ ግን ጫት ብቻ የሚቅመውን ሰው ሁሉ አብሮ ማስጠርጠር ነው። ለሚያስቅምም ለሚቅምም ይህ ግልጽ ይሁን። (ጫቱም ቢሆን ሳዑዲ ሲገባ ዕፅ ተብሎ እንደሚያሳስር የማታውቁ ካላችሁ፣ ይኸው እወቁት።)

«ሻሸመኔ ያሉት ራስታዎች በሃይማኖታቸው ይፈቀድላቸዋል» የሚለውም ሐሰት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እምነትን በተግባር መግለጽ ለኅብረተሰብ ጤናና ደኅንነት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 525ም ለማንም ሃይማኖት የተለየ በር አልከፈተም።

የወሎ ሰው ጠብ በሽምግልና ማብረድ ያውቅበታል፤ በዱበርቲም በአባጋርም ደም ሳይቀር ይደርቃል። ልጁ በሐሺሽ ሲያዝም ወላጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ሽማግሌ ፍለጋ ነው። ይህ ጉዳይ ግን የተበደለ ባለቤት የለውም። ክሱ በግል አቤቱታ የሚነሣ ስላልሆነ ይቅርታ ጠይቆ የሚያዘጋው ሰው አይገኝም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ዕድሜም ያሰባችሁትን ያህል አያስጥልም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ልዩ እርምጃ ይወሰድበታል፤ 15 ካለፈ ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፣ ዳኛው ቅጣቱን ቢያቀልለትም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማለት እንግዲህ አብዛኛው ከዚህ በላይ ነው።

ሹፌሮችና ረዳቶች፣ በተለይ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዳችሁ በሚሌ ጅቡቲ የምትገቡ፦ አደራ መቀበል ደግ ባህል ነው፤ ተሰፍቶ የመጣ ጆንያና በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ግን አደራ አይደለም። አስፈትታችሁ እዩ፣ በላኪው ፊት። የላኪውን መታወቂያ በስልካችሁ አንሱ፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍላችሁ። እምቢ ካለ ዕቃው ይውረድ። በሕጉ ማወቅና ሐሳብ መረጋገጥ አለባቸው፣ ትክክል ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ማወቅን የሚለካው ከሁኔታው ነው። 200 ብር ለሚበቃው ዕቃ 5,000 ብር ከተቀበላችሁ፣ ወይም ዕቃው ከጭነቱ ጋር ሳይሆን ከወንበር ሥር ወይም ከመለዋወጫ ጎማው ውስጥ ከተገኘ፣ «አላውቅም» ማለት ይከብዳል። መንገድ ላይ ከተጠራጠራችሁ አትጣሉት፣ አትፍቱት፣ ለሌላ አታስተላልፉት፤ መኪናውን አቁማችሁ ቅርብ ላለው ኬላ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ተናገሩ። ራሱ የተናገረና ሲፈተሽ የተገኘበት ሰው አንድ ዓይነት ጉዳይ የላቸውም። መኪናውም ለኤግዚቢት ከተያዘ መቼ እንደሚለቀቅ የሚነግራችሁ የለም፤ የባለንብረቱ ዕዳ ግን በየወሩ ይቆጥራል።

ከሁሉ በላይ አንገታችንን የሚያስደፋን የሳዑዲው መንገድ ነው። ልጆቻችን በጅቡቲና በየመን አድርገው፣ በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛንና ነጅራን እንደሚሻገሩ የማያውቅ ቤት በወሎ የለም። ድንበሩ ላይ አሻጋሪው «ገንዘብ ከሌለህ ይህችን ቦርሳ ተሸከም» ቢል፣ ወይም «አንድ ኪሎ ዕቃ አድርስና ዕዳህ ይነሣል» ቢል፣ ያች ቦርሳ ሞት ናት። በሳዑዲ ዕፅ በድንበር ማስገባት በሰይፍ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለሦስት ዓመት ገደማ ቆሞ የነበረው የዕፅ ፍርደኞች ግድያ በኖቬምበር 2022 ተመልሶ ተጀምሯል። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ ነጅራን ውስጥ በአንድ ቀን አራት ሶማሌዎችና ሦስት ኢትዮጵያውያን ሐሺሽ በማስገባት ተፈርዶባቸው እንደተገደሉ የአገሩ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ሄሮይን አልነበረም። «ካናዳ ተፈቅዷል» የምትሉት ያው ሐሺሽ ነው።

ደላላ የሆናችሁና ከደላላ ጋር የምትበሉ፣ ይህን ሳትነግሩት ልጅ የምትሸኙ ከሆነ ወንድም አትባሉም። ልጁን የምትሸኙ ወላጆችም፣ መሄዱን ማስቆም ካልቻላችሁ ቢያንስ ይህን አስይዙት፦ የራሱ ካልሆነ ቦርሳ አይንካ፣ በጉዞው ላይ የሌላ ሰው ጃኬት ወይም ጫማ አይልበስ፣ ከተያዘ ደግሞ የማያነበውን የዓረብኛ ወረቀት አይፈርም። አስተርጓሚና ከኤምባሲው ጋር መገናኘት ይጠይቅ፤ በቪየናው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ለቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ መብቱ ነው። ኤምባሲያችን ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ነው። ቤተሰብም መታሰሩን የሰማ ቀን ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የታሰረበትን ከተማ ይዞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያመልክት፤ ፍርዱ እስኪሰማ መጠበቅ የለበትም።

አሜሪካ የሚጠብቃችሁስ? ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቅደዋል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ስቴቶች ተከትለዋል። ኢሚግሬሽን ግን የስቴት ሳይሆን የፌዴራል ሕግ ነው፤ ፌዴራሉ ደግሞ ካናቢስን ከቁጥጥር ሥር አላወጣም። ለስደተኛ ቪዛ የቀረበ ሰው ፍርድ ቤት ሳይፈርድበት፣ ዕፅ መያዙን በራሱ አንደበት ማመኑ ብቻ ሊያስከለክለው ይችላል። የኤምባሲው ሐኪም በምርመራ ወቅት የዕፅ ሱስ አለበት ብሎ ከመዘገበው፣ ከሱሱ ነፃ ሆኖ 12 ወር መቆየቱ እስኪታይ ይዘገያል። የዲቪ ቪዛ ደግሞ የዚያ በጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ካለፈ አይሰጥም፤ 12 ወር መዘግየት ማለት ዕጣውን ማጣት ነው። ዋሽቶ ማለፍን የሚመክር አማካሪ ካለ ሽሹት፤ ለቪዛ ብሎ ማታለል ለብቻው ዕድሜ ልክ ሊያግድ ይችላል። ግሪን ካርድ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ዴንቨር ውስጥ በሕጋዊ ሱቅ ተቀጥራችሁ መሸጣችሁ እንኳ ለዜግነት ስታመለክቱ «መልካም ጠባይ» የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣችሁ እንደሚችል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 በመመሪያ አስታውቋል።

ለግሸን ማርያምም ሆነ ለመውሊድ የምትመጡ የውጭ ነዋሪዎች፣ ሻንጣችሁን ቤታችሁ ሳላችሁ ፈትሹ። ከረሜላና ቸኮሌት መስሎ የሚሸጠው፣ ለእንቅልፍ ብላችሁ የምትጠቀሙበት የካናቢስ ዘይት፣ ቦሌ ላይ ሲደርስ የሚታየው በእኛ ሕግ ነው። ዘመድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሚበላው ዓይነት ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ስለማይሰማ፣ ያገኘው ልጅ «ጣፋጭ ነው» ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል። በዚያ ላይ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 17 የአንቀጽ 525ን ወንጀል በውጭ አገር የፈጸመ ሰው እዚህ ሊዳኝ እንደሚችል ይደነግጋል። ሲያጨሱ የተቀረጹትን ቪዲዮ እዚህ መጥተው በኩራት ለሚያሳዩት ንገሯቸው።

ልጅ ከተያዘ ግርግሩን ተዉትና እነዚህን ያዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ የመናገር ግዴታም የለበትም። ጠበቃ መክፈል የማይችል ከሆነ፣ በአንቀጽ 20 መንግሥት እንዲያቆምለት ገና ሲቀርብ ይጠይቅ። የልደት ማስረጃውንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን የመጀመሪያው ቀን አምጡ፤ ዕድሜው በግምት ከተመዘገበ ማስተካከሉ ጊዜ ይበላል። ዋስትና ላይ ዐቃቤ ሕግ የአንቀጹን ክብደት ጠቅሶ ሊከራከር ስለሚችል፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ቋሚ አድራሻና ገቢ ያለው ይሁን። «ጉዳዩን እጨርስላችኋለሁ» ለሚል ሰው ብር አትስጡ፤ ያ ጉቦ ነው፤ እናንተንም ሁለተኛ ተከሳሽ ያደርጋል።

ልጁ ገና ሳይያዝ እየተጠቀመ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ጊዜ አላችሁና አትደብቁት። በጉርምስና ዕድሜ የጀመረና አዘውትሮ የሚያጨስ ልጅ የሌለ ድምፅ የመስማትና ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የመምሰል ሕመም የመያዙ ዕድል ከፍ ይላል፤ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ካለ ይብሳል። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄዱ ምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ጋር ቀላቅሎ እንደወሰደ፣ ጫትና አረቄም ካለ፣ ሳትሸፍኑ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚያ ነው። ጠበሉንም ዱዓውንም አታቋርጡ፤ ኪኒኑን ግን «ተሽሎታል» ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት አታስቁሙ፤ የሚቆምበትን ቀን የሚናገረው ያዘዘው ሐኪም ነው።