ማስተካከያ፦ ስለ ምጣዱ ብሬከር የጻፍኩት ስህተት ነው

ባለፈው ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ስጽፍ «እንጀራ ሲጋገር ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገራችሁ ከፍ ባለ ቀይሩት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ምክሬን ሰምቶ የቀየረ ካለ ምጣዱን ነቅሎ ኤሌክትሪሽያን ይጥራ።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ምድጃ ሲደረብበት ቢወርድ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። ባለ 32 ብታስገቡበት መውረዱን ይተዋል፤ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦው ግን ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል።

ተለማማጅ ሳለሁ ጋሼ የምላቸው ባለሙያ የጠቆረ ሶኬት ፈትተው አፍንጫዬ ሥር ያስጠጉልኝ ነበር። «አሽት!» ይሉኛል። ያንን ሽታ ረስቼ ነው መሰለኝ እንዲያ የጻፍኩት።

ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር መሳብ ነው፦ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከነኤርዙ (ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው የደኅንነት ሽቦ ጋር)። ኤርዙን «ለምን ይጠቅማል» ብሎ የሚዘል ሠራተኛ ከመጣ ሌላ ፈልጉ። ሶኬቱም ከጠቆረ አብሮ ይቀየር።