ቁጥሩን ሳይለቁ ኩባንያ መቀየር፦ ስለ ቤት ስልክና ኢንተርኔት ከለንደን የተጻፈ ትዝብት

በብሪታንያ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመዳብ ሽቦ ሲሠራ የቆየው የቤት ስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ይዘጋል። ቀድሞ የተቆረጠው ቀን የ2025 መጨረሻ ነበር፤ እንዲራዘም ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ በስልክ መስመር የሚሠራ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ አረጋውያንና ሕሙማን ደኅንነት ነው። ከዚህ በኋላ የቤት ስልክ የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሚሆን፣ የስልኩ ገመድ የሚሰካው ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከራውተሩ ላይ ይሆናል። ለወጣቱ ይህ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አይደለም። በደርግ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው እዚህ ለሸመገሉት አባቶችና እናቶች ግን፣ በ020 የሚጀምረው የቤት ስልክ ቁጥር ከአድራሻ ሁሉ የጸና አድራሻቸው ነው። ቤት ቀይረዋል፣ ሥራ ቀይረዋል፣ ሞባይል ስንት ጊዜ ቀይረዋል፤ ያ ቁጥር ግን አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ባለ የዘመድ ማስታወሻ ደብተር ላይ እንደተጻፈ አለ። በስልክ ካርድ እየተደወለ የእንኳን አደረሳችሁ ቃል የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነበር። ሰው ባረፈ ጊዜም መርዶ ነጋሪዎቹን የሚያሰባስበው ዘመድ አስቀድሞ የሚገኘው በዚያው ነበር።

ስለዚህ ብዙዎቹ ወርሃዊ ክፍያው ምንም ያህል ቢንር ኩባንያ ለመቀየር አይደፍሩም። ቁጥሩ ይጠፋብናል ብለው ይፈራሉ። በቅርብ የማውቃቸው አንዲት እናት ውላቸው ካለቀ ዓመታት ያለፈው ሲሆን፣ ያው ኩባንያ ለአዲስ ገቢ ደንበኛ ከሚያስከፍለው እጥፍ የሚጠጋ ሲከፍሉ ኖረዋል። ለምን እንደማይቀይሩ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ሳላጓድል ከፍዬ፣ አሁን ትቻቸው ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የደንበኝነት ሥርዓት በሙሉ አለ። በአገራችን ገበያ ደንበኛ የሆነ ሰው ይመረቅለታል፣ ዱቤ ይታመናል፣ ዕቃ ሲጠፋም ይቀመጥለታል፤ ዘመን በቆጠረ ቁጥር ዋጋው ይሻለዋል እንጂ አይብስበትም። በብሪታንያ የኢንተርኔት ገበያ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የሕዝብ አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባቀረበው አቤቱታ፣ በሞባይል፣ በብሮድባንድ፣ በቤት መድን፣ በቤት ብድርና በቁጠባ ሒሳብ ዘርፎች ታማኝ ደንበኞች በዓመት 4 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ ገልጿል። ይህ ገንዘብ የሚሰበሰበው ከማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አንብቦ ለመከራከር ከሚቸገረው፣ ካረጀው፣ ብቻውን ከሚኖረው ሰው ነው። በእኔ እምነት ይህ አሠራር ነውር ነው።

ሕጉ ግን ለደንበኛው ያደላባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ የእኛ ሰው አለመጠቀሙ ነው የሚያንገበግበኝ። የመገናኛ ዘርፉ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ባወጣው ደንብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኩባንያዎች የደንበኛው ውል ከማለቁ በፊት፣ ከ10 እስከ 40 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አሁን የሚከፍለውንና ውሉ ሲያልቅ የሚከፍለውን ዋጋ እንዲሁም ያላቸውን የተሻለ አማራጭ የሚገልጽ ማሳወቂያ የመላክ ግዴታ አለባቸው። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ላይ ደግሞ በመካከል የሚደረግ የዋጋ ጭማሪ ካለ፣ ከዋጋ ግሽበት ጋር የታሰረ መቶኛ መሆኑ ቀርቶ፣ ስንት ፓውንድ ከስንት ፔንስ እንደሆነ በቅድሚያ መነገር አለበት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ፔንሽን ክሬዲት የሚባሉትን የመንግሥት የገቢ ድጋፎች ለሚያገኙ ሰዎች በወር ከ12 እስከ 20 ፓውንድ ገደማ የሚያስከፍል ልዩ የድጎማ ታሪፍ አለ፤ ነገር ግን ከሚገባቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ አይጠይቁትም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ከምናገኛቸው አረጋውያን መካከል ይህ የሚገባቸው እጅግ ብዙዎች ናቸው።

ቁጥርን ይዞ መሄድም እንዲሁ መብት ነው። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር፣ ኩባንያ ለመቀየር የሚሻ ሰው አሮጌውን ኩባንያ ማነጋገር አያስፈልገውም። ለአዲሱ ኩባንያ ስምና አድራሻውን፣ አሁን ያለበትን ኩባንያና ቁጥሩን ማስቀረት እንደሚፈልግ ይነግራል፤ የቀረውን ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ይጨርሳሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ አሮጌውን ውል ቀድሞ በገዛ እጅ መሰረዝ እንደማይገባ ነው። ሰው ያለውን ዕዳ ዘግቶ፣ ተሰናብቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ጨዋነት ይመስለዋል፤ ቁጥሩ ያለ ችግር የሚዛወረው ግን መስመሩ ሕያው እያለ ነውና፣ በዚህ ጨዋነት ምክንያት ቁጥር ሊጠፋ ይችላል።

ሌላው የእኛን ሰው ለይቶ የሚያሰናክለው ጉዳይ የስም ነገር ነው። አዲሱ ኩባንያ የደንበኛውን ማንነት ከአሮጌው መዝገብ ጋር የሚያመሳክረው በቤተሰብ ስምና በአድራሻ ነው። እኛ ደግሞ የአባታችንን ስም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ እንጽፋለን፤ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ ገብቶ በሌላው ላይ አይገባም፤ ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ ሒሳቡ በሟች ባል ስም ተመዝግቦ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ባለሒሳቡ ካልተገኘ ጥያቄው ይወድቃል፤ አረጋዊው ሰው ግን «አይቻልም አሉኝ» ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቅርብ ጊዜውን የክፍያ ደረሰኝ አውጥቶ፣ ስሙ በዚያ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ተመልክቶ፣ እንደዚያው አድርጎ ማቅረብ። በሟች ስም ከሆነ ግን አስቀድሞ ከነባሩ ኩባንያ ጋር ሒሳቡን በሕያው ሰው ስም ማዞር ይገባል።

ከሁሉ የረከሰው ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የስልክ አገልግሎት ጨርሶ ከማይሰጥ ኩባንያ ዘንድ ነው። ይህን ለሚመርጥ ሰው ቁጥሩን በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት ብቻ ወደሚሰጥ ሌላ ድርጅት ማዛወር ይቻላል፤ በወር ጥቂት ፓውንድ ይከፈልበታል፣ አዳፕተር በምትባል ትንሽ ዕቃ አማካይነትም አሮጌው ስልክ እንደ ድሮው ይሠራል፣ ወይም ጥሪው ወደ ልጅ ሞባይል እንዲዞር ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ ግን ሊሳት አይገባውም። በመዳብ መስመር ላይ ያለ ቁጥር ሲዛወር መስመሩ አብሮ ሊዘጋ፣ በላዩ የሚሄደው ኢንተርኔትም አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱ ኢንተርኔት ይገባል፤ በደንብ መሥራቱ ይታያል፤ አሮጌው መስመር ሳይዘጋ ቁጥሩ ይዛወራል፤ አሮጌው ውል የሚቋጨው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ለጥቂት ሳምንታት የሁለት መስመር ክፍያ ቢደራረብ የሚያስቆጭ አይደለም። ወጪ መቀነስ የሚገባው ከዚያ ይልቅ በጥሪ ጥቅሎች ላይ ነው፤ ዛሬ ወደ አገር ቤት የሚደወለው በዋትስአፕና በቴሌግራም ሆኖ ሳለ፣ ለዓለም አቀፍ ጥሪ ጥቅል በየወሩ የሚከፍሉ አረጋውያን አሁንም አሉ።

የመብራት ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። አሮጌው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው በዚያው በመዳቡ ሽቦ ስለነበር፣ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር፤ አዲሱ ግን ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንግሊዛውያን ጎረቤቶቻችን ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ የእኛ እናቶች ግን ገና ከጅምሩ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት መደበኛው ስልክ ይሠራ እንደነበር ያውቃሉና። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው፤ መልስም አለው። በቤት ስልኩ ላይ ብቻ የሚተማመን ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ አስቸኳይ እርዳታ መደወል የሚያስችለው መሣሪያ ከኩባንያው የማግኘት መብት አለው። የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ያላቸው ሰዎች ደግሞ መሣሪያው በአዲሱ መስመር ላይ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ፈጽሞ መዛወር የለባቸውም። በኢንተርኔት ስልክ ወደ አስቸኳይ እርዳታ ቁጥሩ 999 ሲደወል የሚታየው አድራሻ የተመዘገበው ነውና፣ ቤት በተቀየረ ቁጥር እሱም መታረም ይኖርበታል።

ወደ አገር ቤት ሳስብ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መደበኛ ስልክ ማስገባት ዓመታትን የሚያስጠብቅ ጉዳይ በነበረበት ዘመን፣ ስልክ ያለው ቤት ለጎረቤት ሁሉ የጋራ ነበር፤ ከውጭ አገር ጥሪ ሲመጣ ልጅ ተልኮ ባለጉዳዩ ከቤቱ ይጠራ ነበር። አገልግሎቱን የሚሰጠው ያው ቴሌ ብቻ ስለነበር የሚቀየር ኩባንያ አልነበረም፤ ስለዚህም ቁጥሩ አይነካም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ቁጥሮች በሙሉ ሲለወጡ እንኳ፣ የአዲስ አበባው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ፊቱ ላይ አንድ አሃዝ ተጨምሮበት፣ የአካባቢው መለያም ከ01 ወደ 011 ዞሮ፣ ነባሩ ቁጥር ከነመልኩ ቀጠለ። ይህ መልካም ጎኑ ነው። ክፉ ጎኑ ዋጋ የሚቀንሰው ድርጅቱ ሲወስን ብቻ መሆኑ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የብሮድባንድ ታሪፍ ከግማሽ በላይ ሲወርድ ብዙ ቤት እፎይ ብሏል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደንበኛው ዋጋው በዛብኝ ብሎ የሚሄድበት በር አልነበረውም።

ያ በር የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝቶ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ነው። ሆኖም ወደ አዲሱ ኩባንያ የገባ ሰው በ09 የሚጀምረውን ቁጥሩን ይዞ አልተሻገረም፤ በ07 የሚጀምር ሌላ ቁጥር ተቀበለ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ሲም ይዞ መዞር የተለመደ ሆነ፤ ዳታው ከረከሰበት ይገዛል፣ ቁጥሩ ግን በሌላው ይኖራል። እንዲህ ሲሆን ሰው ኩባንያ ቀየረ ለማለት ያዳግታል፤ ሁለት ጊዜ ከፋይ ሆነ ማለቱ ይቀርባል።

እዚህ የቤት ስልክ ቁጥር የሚያስተሳስረው በይበልጥ ዝምድናን ነው። አገር ቤት ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ከመጣ ጀምሮ፣ የሞባይል ቁጥር የገንዘብ ሒሳብ ነው፤ የባንክ የማረጋገጫ መልእክት የሚመጣው፣ ደመወዝ መግባቱ የሚታወቀው፣ ከእኛ የሚላከው ገንዘብ መድረሱ የሚሰማው በእርሱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ይዞ የመሻገር መብት ከብሪታንያ ይልቅ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ያስፈልጋታል ብዬ አምናለሁ። መብቱ ሲሠራበት ደግሞ ዝውውሩ ከማለቁ በፊት ባንኮች የሚነገራቸውን፣ በቴሌብር ያለው ሒሳብ የሚጠበቅበትን፣ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የመታወቂያ ማረጋገጫው የሚደረግበትን ደረጃ ሁሉ የሚወስን ግልጽ ደንብ ሊኖረው ይገባል።