የታወቀው የለም ወይ?

ከኋላዬ የተቀመጡት ሰውዬ ያፏጫሉ። ማፏጨት መብታቸው ነው፤ ፒያሳ ሲወርዱ ቢያፏጩ፣ ጢማቸውን ሲላጩ ቢያፏጩ ማን ከልካይ አለባቸው? መድረኩ ላይ ግን አንዲት ልጅ ቆማ እየዘፈነች ነው፤ እሳቸው የሚያፏጩት ደግሞ እሷ የምትዘፍነውን አይደለም።

እዚሁ ጎንደር፣ ከሆቴሎቻችን በአንዱ አዳራሽ፣ የካባሬ ምሽት ተዘጋጅቷል። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንዲት ዘፋኝ፤ በየጠረጴዛው ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ ቢራና ኦቾሎኒ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የኤንዮ ሞሪኮኔ ብዙ ያልተሰሙ ዘፈኖች የሚቀርቡበት ምሽት ነው ይላል። ብዙ ያልተሰሙ! ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንብቦ፣ ከፍሎ ነው የገባው። ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1928 ሮም ተወልዶ በ2020 እዚያው ያረፈ፣ ከአራት መቶ ለሚበልጡ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ሥራዎች ሙዚቃ የደረሰ ሰው ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ የካውቦይ ፊልሞቹን ፉጨት ያውቃል። ጣጣችንም የመጣው ከዚያ ነው።

ልጅቱ «ሴ ቴሌፎናንዶ» የሚለውን ጀመረች። በስልክ «ደህና ሁን» ብላ መገላገል ብትችል ኖሮ ልትደውል ስለምትመኝ ሴት ነው። ሞሪኮኔ በ1966 ሚና ለተባለችው ዘፋኝ ሠራው፤ ያ የፉጨቱ ካውቦይ ፊልም፣ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ»፣ በወጣበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ዜማው በሦስት ኖታ ላይ የሚሽከረከር ነው፤ መነሻው የማርሴይ ከተማ የፖሊስ ሳይረን ነው ይባላል። (እኛ በቀን ስንት ሺህ የባጃጅ ጡሩንባ ሰምተን እስካሁን አንድ ዘፈን አልወጣልንም።) ጣሊያን አገር ይህን ዘፈን የማያውቅ የለም፤ «ብዙ ያልተሰማ» የሆነው እኛ ስላልሰማነው ነው። እንግዲህ ልንሰማው መጣን፣ ሰውዬው አፏጩበት። ልጅቱ ጨርሳ ጎንበስ ስትል ደግሞ፣ «የኔ ልጅ፣ የታወቀው የለም ወይ?» አሏት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያልታወቁትን ነው» አለች በፈገግታ።

«ይሁና! ግን ከታወቁት ካልታወቁት አንዷን!»

አዳራሹ ሳቀ። ይባስ ብሎ አጨበጨበ።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም»። አያቴ አዲስ አበባ ልሂድ ባልኳት ቁጥር ታነሳብኝ ነበር። ማታ ሳፏጭ ደግሞ «ሰይጣን ትጠራብኛለህ» ትል ነበርና ነፍሷን ይማረውና ዛሬ ብትኖር ከሰውዬው አጠገብ አስቀምጣት ነበር። ለማንኛውም ተረቱ ውሸት ነው። አዲስ አበባ የናፈቀችኝ ስላላየኋት ነው፤ ካየኋት ወዲያ ናፍቃኝ አታውቅም። ግን ምን ያምራል! እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ተረት ስንት አለን? ሙዚቃ ላይ ሲደርስ ብቻ እውነት ሆኖ ያርፈዋል፤ ሰው የሚናፍቀው የሰማውን ነው፣ የሰማውን ስለናፈቀም ሌላ አይሰማም፣ ሌላ ስለማይሰማም ያንኑ ይናፍቃል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የቪዲዮ ቤቱን ጉዳይ ልናገር። በልጅነታችን የጣውላ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን፣ በሩ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ብርድ ልብስ ታፍነን ነበር ካውቦይ የምናየው። ጀግናው ይገድላል፣ ፈረሱን ይጭናል፣ ወደ ጸሐይ መጥለቂያው ይጋልባል። ሙዚቃው ገና ከፍ ሊል ሲል፣ ቀጭ! ባለ ቪዲዮ ቤቱ አጠፋው። «ውጡ፣ ውጡ! ውጭ ተመልካች ቆሟል!» እስቲ ይታያችሁ፤ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ጥይት ሳይተኮስበት፣ ፈረስ ሳያሽካካበት፣ ተዋናይ ሳያወራበት በሰላም የሚደመጠው መጨረሻ ላይ ስም ሲዘረዘር ነው። ያቺኑ ነው የሚቀማን። እኔ የስንቱን ፊልም መዝጊያ ሙዚቃ ሳልሰማ አድጌያለሁ! ሰውዬው አሁንም አለ፤ አራዳ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ። ቡና ግን አልጋብዘውም። ፒያሳ ጣሊያን በሠራው ሲኒማ ቤትም ቢሆን ስም መዘርዘር ሲጀምር መብራቱ በርቶ ሕዝቡ በሩ ላይ ሲጋፋ ነው የማስታውሰው፤ የሚታደል ነገር ያለ ይመስል።

ከዚህ የባሰውን የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች አመጡት። አንድ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ሊያሳዩን ጠሩን። ሙሽሮቹ በፋሲል ግንብ ደጃፍ ቀስ፣ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ ቬሎው ይንሳፈፋል፣ ሚዜዎቹ መነጽራቸውን እኩል ያወልቃሉ። ከሥር የገባው ሙዚቃ ያው የሞሪኮኔ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን የተሠራው አንድ ሽፍታ የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ በመቃብር መሃል እንደ እብድ ሲሮጥ ነው። መቃብር ለመቃብር! የሙሽራዋ እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እንዴት ያለ ልብ የሚነካ ሙዚቃ ነው» አሉ። ምን ልበላቸው? «እማማ፣ ወርቁን ፍለጋ ነው» ልበል? ዝም አልኩ። ጥሎሹን አስቤ ደግሞ ምናልባት ቪዲዮ አንሺው አውቆ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ይህ ከተማ የአዝማሪ ከተማ ነው። ቡርቧክስን የመሰለ፣ ልጁ አፉን ሲፈታ ግጥም የሚቀናው መንደር ጎረቤታችን ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ «የታወቀውን ዝፈን» የሚል ጎንደሬ አይታችኋል? «ተቀበል!» ይላል እንጂ። አዝማሪው የትናንቱን ግጥም ዛሬ ቢደግም በጎን እንስቅበታለን። ትኩስ፣ ማንም ያልሰማው፣ አሁን የተፈጠረ ስንኝ እንፈልጋለን፤ ሲመጣም ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን። ታዲያ እዚያ ለአዲስ ነገር እንዲህ የተከፈተ ጆሮ፣ እዚህ ምን ደፈነው? ብዙ አሰብኩበት። እዚያ ግጥሙ ስለ እኛ ነው! ሸሚዛችን ይወደሳል፣ አባታችን ይጠቀሳል፣ የኪሳችን ስፋት ይነገራል። ሞሪኮኔ እኮ የማንንም ሸሚዝ አላነሳም። ስሙን ካልጠሩለት፣ ወይ አስቀድሞ የሚያውቀውን ካልሰጡት ጆሮውን የማያውስ ሕዝብ «ሙዚቃ ወዳድ ነን» ሲል ደሜ ይፈላል።

ደሜ ፈልቶ ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ይቅርታ፣ አባባ፣ ይህን ያፏጨው እኮ ሞሪኮኔ አይደለም» አልኳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነው። ሞሪኮኔ ዜማውን ደረሰ፣ ያኛው አፏጨ።»

አሰብ አደረጉና፣ «ታዲያ ያፏጨውን ለምን አላመጡልንም?»

«አርፏል፣ አባባ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔ የመጣሁት ለመጨረሻዋ ዘፈን ነበር። በ1971 ለወጣው ስለ ሳኮና ቫንዜቲ ለሚተርከው ፊልም ሞሪኮኔ ዜማውን ሠርቶ፣ ጆን ባኤዝ ግጥሙን ጽፋ የዘፈነችው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1927 በሞት ለተቀጡት ሁለት ጣሊያናዊ ስደተኞች። አራት ስንኝ ብቻ ናት። ያቺው አራት ስንኝ እየተደጋገመች፣ በእያንዳንዱ ዙር ድምፅ እየታከለባት ትገዝፋለች። ማሲንቆ ቢገባባት ምን ልትሆን እንደምትችል አስቡት! ልጅቱ የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰች፤ ማሲንቆው ገባ፤ ልጁ ክሩን በቀለበት ጣቱ ጫን አድርጎ ሲስበው ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከግራ በኩል ሌላ ፉጨት ተነሳ፤ ከዚያ ሦስተኛ፤ ከዚያ አንዱ ጠረጴዛውን የፈረስ ግልቢያ አስመስሎ ይደበድብ ጀመር። ማሲንቆው ምን ያድርግ? ልጁ ዘፋኟን አየ፣ ዘፋኟ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ እሱም ወደ ካውቦዩ ዜማ ዞረ። አዳራሹ ብድግ አለ። ስልኩ ሁሉ ወጣ።

ስወጣ አዘጋጁን በሩ ላይ አገኘሁትና ስለ መጨረሻዋ ዘፈን ልወቅሰው ስል፣ ገና አፌን ሳልከፍት እጄን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አየህልኝ? እንዴት ተወደደ! የሚቀጥለው ምሽት የታወቁት ብቻ ናቸው» አለኝ።

«መግቢያው ስንት ነው?»

«እጥፍ ነው፤ አሁኑኑ ካልያዝክ ግን አታገኝም።»