እስቲ ሰው ልጠይቅ

ኳንተም መካኒክስ፣ ማለትም የአቶምንና የመሰል ጥቃቅን ነገሮችን ጠባይ የሚያጠናውን ፊዚክስ፣ ልማር ብዬ ከተነሳሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስምንቱንም ወር መጽሐፍ ስመርጥ ነው የከረምኩት።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። አማካሪ በዛብኝ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ስለ ኳንተም ስትጠይቀው ፒዲኤፍ ይልክልሃል እንጂ አያስረዳህም።

አንዱ ጓደኛዬ «ግሪፊትስን ያዝ፣ ሕፃንም ይገባዋል» አለኝ። ከፈትኩት። ገና ከመግቢያው የሽሮዲንገር ቀመር፣ የኳንተም ዋናው ቀመር፣ ጉብ ብሏል። «ከየት መጣህ?» የሚለው የለም፤ እንደ ቤት ልጅ ገብቶ ተቀምጧል።

ሌላው ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ግሪፊትስማ የጀማሪ ነው!» እኔን ምን አድርጎኝ ይሆን? ሳኩራይን ላከልኝ። የሚጀምረው በ1922ቱ የብር አቶሞች ሙከራ ነው። አቶሞቹ በማግኔት መሃል ሲያልፉ እንደ ተበተነ ጤፍ መዘራት ሲገባቸው፣ ተማክረው የመጡ ይመስል ሁለት ቦታ ብቻ ያርፋሉ። እንዴት ደስ አለኝ! ለባለቤቴ አወራሁላት፣ ለጎረቤት አወራሁ። ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ ግን ቬክተር መጣና ጨዋታውን አፈረሰው።

ሦስተኛው «መጀመሪያ ሂሳብህን አጥራ» ባይ ነው። ሻንካርን አሸከመኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ሂሳብ ነው። ሰርግ ተጠርቶ እጅ መታጠቢያው ጋ ተሰልፎ እንደማምሸት ነው።

«የቱ ላይ ደረስክ?» ትለኛለች ባለቤቴ።

«ምርጫ ላይ ነኝ።»

«ምርጫ ቦርድም እንዳንተ አልቆየ!»

ነገሩ ሲከነክነኝ ባለፈው ቅዳሜ ቆርጬ ተነሳሁ። ግሪፊትስን በፍላሽ ይዤ ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። የልጅቷ ዓይን ሽፋኑ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ የእንስሳት ሕክምና ነው?»

ሽፋኑ ላይ ድመት አለች። ያ ባለ ቀመሩ ሽሮዲንገር በ1935 በሐሳቡ ሣጥን ውስጥ የዘጋባት ድመት ናት። በኳንተም ሕግ ከሄድን ሣጥኑ እስኪከፈት ድረስ በሕይወት ያለችም የሞተችም ናት እንደ ማለት ነው፤ ሰውየው ይህን ያመጣው እንኳ ነገሩ እንዴት ግራ እንደሚያጋባ ለማሳየት ነበር። ከፊት ሽፋኑ ላይ በሕይወት አለች፣ ከኋላው ሞታ ተዘርራለች። ይህን ሁሉ ለልጅቷ አስረዳኋት። በጥሞና አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ከፍቶ ማየት ነዋ!»

መልስ አጣሁ። ወረቀቱ እየወጣ ነው።

«ጥረዛው በስፓይራል ይሁን በሙጫ?»

«ቆይ እህቴ» አልኳት ስልኬን እያወጣሁ፣ «እስቲ ሰው ልጠይቅ።»